ብረቱ ከጄኖቫ፣ እጁ ከአስመራ

እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ አምስት መቶ ገደማ የሚሆን የጣልያን ሠራዊት ደመሰሱ። ሠራዊቱ ከምጽዋ ተነስቶ በሰሃጢ ምሽግ ለተከበቡት ወገኖቹ ሊደርስ እየገሰገሰ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሽንፈቱ ለሮም ብዙ ነገር አስተማረ፤ አንዱ ትምህርት የመጓጓዣ ጉዳይ ነው። ከምጽዋ እስከ ሰሃጢ ያለው መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም። በዚያ ሐሩር ግን ውሃውን፣ ስንቁንና መድፉን በግመልና በበቅሎ ጭኖ ማድረስ ጦሩን ሜዳ ላይ አጋልጦ ማቆም ሆነ። ስለዚህ በዚያው ዓመት ከምጽዋ ወደብ ወደ ሰሃጢ ሐዲድ መዘርጋት ተጀመረ።

በመጋቢት 1888 አጼ ዮሐንስ 4ኛ ብዙ ሠራዊት አስከትለው ሰሃጢ ፊት ለፊት ሰፈሩ። ሐዲዱም በዚያው ሰሞን ምሽጉ ደጃፍ ደርሶ ነበር። ከወደቡ በባቡር ስንቅ የሚጫንለትን ምሽግ በከበባ ማስራብ አይቻልም። በምዕራብ የደርቡሽ ጦር ያሰጋቸው ንጉሠ ነገሥት ውጊያ ሳይገጥሙ ተመለሱ።

የኤርትራ ባቡር የተወለደው እንዲህ ለወረራ ነው፤ ይህን መሸፋፈን አይገባም። ታሪኩን እስከ ዘመናችን ስንከተለው ግን፣ ባዕድ ሠርቶ ያመጣው ብረት ከስንት ጊዜ በኋላ የአገሬው እንደሚሆንና እንዴት እንደሚሆን በግልጽ ያሳየናል።

ወደ ደጋው መውጣት

ጣልያን በ1890 ቅኝ ግዛቷን «ኤርትራ» ብላ አወጀች። በ1896 ዐድዋ ላይ ስትሸነፍ ወደ ኢትዮጵያ የመግፋት ሕልሟ ለጊዜው ታጠፈ፤ በያዘችው መሬት ላይ መደላደልን መረጠች። በ1897 የመጣው የመጀመሪያው ሲቪል ገዢ ፈርዲናንዶ ማርቲኒ የአስተዳደሩን መቀመጫ ከምጽዋ ወበቅ አውጥቶ ወደ አስመራ ብርድ ወሰደው። ዋና ከተማው ደጋ ላይ፣ ወደቡ ቆላ ላይ ሆነ። በሁለቱ መካከል ያለው በአየር ሲለካ ቅርብ፣ በእግር ሲወጣ ግን አቀበቱ የማያልቅ ገደል ነበር።

ሐዲዱ ይህን ገደል ለመውጣት ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀበት። በ1904 ጊንዳ ደረሰ፣ በ1910 ነፋሲት፣ በ1911 መጨረሻ አስመራ ገባ። ከምጽዋ እስከ አስመራ 118 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ርቀት ውስጥ ባቡሩ ከባሕር ወለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። በጣም በሚከብደው ቦታ በየ100 ሜትሩ 3.5 ሜትር ከፍ ይላል፤ ለብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ይህ እጅግ ከባድ አቀበት ነው።

የሐዲዱ ስፋት 950 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ጠባብ ሐዲድ የተመረጠው ለተራራ ስለሚመች ነው። ባቡሩ በጠባብ ኩርባ መዞር ስለሚችል መሐንዲሱ ተራራውን መሰንጠቅ ሳይኖርበት የተራራውን ጎን ተከትሎ መጠምዘዝ ይችላል፤ ዋሻውም ድልድዩም በዚያው ልክ ያንሳል። እንዲያም ሆኖ ብዙ ዋሻ መፈልፈልና ብዙ ድልድይ መሥራት ግድ ነበር። ከድልድዮቹ ሁሉ ስመ ጥሩ በኦበል ወንዝ ላይ የቆመው ባለ 14 ቅስት የድንጋይ ድልድይ ነው። ንድፉን ያወጡት ጣልያኖች ናቸው። ድንጋዩን ጠርቦ ለመካብ፣ አፈሩን ለመዛቅና ሐዲዱን ለመሸከም ጉልበቱን የከፈለው በአብዛኛው የአገሩ ሰው ነበር።

ሁለት እግር ያለው ሎኮሞቲቭ

እንዲህ ያለ መንገድ ተራ ሎኮሞቲቭ አይወጣውም። አቀበቱን ለመጎተት ትልቅ ኃይልና ብዙ ጎማ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጎማ በአንድ ግትር ሻንሲ ላይ ከተደረደረ ደግሞ ጠባቡን ኩርባ መዞር አይችልም። መፍትሔውን ያገኘው የስዊዘርላንድ ተወላጁ መሐንዲስ አናቶል ማሌ ነው፤ በ1884 የፈጠራ መብት አወጣበት። ማሌ ጎማዎቹን በሁለት ቡድን ከፈላቸው። የኋላው ቡድን ከቦይለሩ ጋር ተጣብቆ ይቆማል፤ የፊተኛው በማጠፊያ ተያይዞ ኩርባውን እየተከተለ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዞራል።

ሁለተኛው የማሌ ብልሃት እንፋሎቱን ሁለት ጊዜ ማሠራት ነው። ከቦይለሩ በከፍተኛ ግፊት የሚወጣው እንፋሎት መጀመሪያ የኋለኞቹን ሲሊንደሮች ፒስተን ይገፋል። ከዚያ ተነፍሶ አይባክንም፤ በተጣጣፊ ቱቦ ወደ ፊት ተወስዶ ሰፋ ያሉትን የፊት ሲሊንደሮች ይገፋል። በዚህ መንገድ ከሰልም ውሃም ይቆጠባል፤ ከሰል በመርከብ ለሚመጣበት፣ ውሃ ውድ ለሆነበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዕዳው ለጥገና ሠራተኛው ይተርፋል። ዘወትር የሚንቀሳቀሰው የቱቦ መጋጠሚያ እንፋሎት ማፍሰስ ይወዳል፤ ጓርኒሲዮኑ በየጊዜው መፈተሽ፣ ማጠፊያው ግራሶ መጠጣት አለበት።

በጄኖቫ የሚገኘው የአንሳልዶ ፋብሪካ ለኤርትራ መስመር የማሌ ሎኮሞቲቮችን ሠራ፤ 440 የተባለ ተከታታይ ቁጥር ተሰጣቸው። በ1915 የተሠራ አንዱ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ሚላን ያለው ብሬዳ ደግሞ 202 የተባሉትን ባለ አራት ጎማ ትንንሽ ሎኮሞቲቮች ላከ፤ እነዚህ በወደቡና በጣቢያዎቹ ውስጥ ፉርጎ ለመለየትና ለመቀጠል የሚያገለግሉ ነበሩ። ሐዲዱም ወደ ምዕራብ ቀጠለ፤ በ1922 ከረን፣ በ1928 አቆርዳት፣ በ1932 ቢሻ ደረሰ። ወደ ሱዳን ድንበር የመድረስ ዕቅዱ እዚያው ቆመ።

የጦርነቱ ጭነት

በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲነሳ ምጽዋ በመርከብ ተጨናነቀች። ወታደሩ፣ ጥይቱ፣ ሲሚንቶውና ዱቄቱ ሁሉ ወደ ደጋው መውጣት ነበረበት። ጠባቡ ሐዲድ አቅሙ የፈቀደውን ያህል ሠራ፤ አልበቃም። አዲስ የመኪና መንገድ ተጠረገ፤ ከምጽዋ እስከ አስመራ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም በአየር ላይ የሚሄድ የጭነት ገመድ ተዘረጋ፤ በዘመኑ በዓለም ረጅሙ ነበር። ለመንገደኛ ከፊያት ፋብሪካ ሊቶሪና የተባለው በሞተር የሚሄድ ባቡር መጣ። በ1938 አንሳልዶ 442 የተባሉትን፣ ከቀድሞዎቹ የተሻሻሉ የማሌ ሎኮሞቲቮች ላከ። ዛሬ የኤርትራ ባቡር ስም ሲነሳ የሚታወሱት በተለይ እነዚህ ናቸው።

በዚያ ዘመን የፋሽስት አገዛዝ የዘር ሕግ አውጥቶ ነበር። ለኤርትራውያን ልጆች የተፈቀደው ትምህርት ከ4ኛ ክፍል አያልፍም ነበር። የምህንድስና ትምህርት ቤት በር የተዘጋበት ወጣት ሙያ የሚማርበት ቦታ ጋራዡና ባቡር ጣቢያው ነበር። እዚያ ከሰል እየጨመረ፣ መፍቻ እያቀበለ፣ የፈረሰ ማሽን ሲገጣጠም አጠገብ ቆሞ እያየ ተማረ። ንድፍ ማንበብ ባይሰጡትም ብረቱ ምን ሲሆን ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚሰጥ ለየ። ይህ ዕውቀት በወረቀት አልተጻፈም፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ ባቡሩን ያስነሳው ግን እሱ ነው።

ተረካቢዎቹ

በ1941 የእንግሊዝ ጦር ከረን ላይ ከባድ ውጊያ አድርጎ ጣልያንን አሸነፈ፤ በሚያዝያም ምጽዋ ተያዘች። በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን ከአቆርዳት በስተምዕራብ ያለው የሐዲዱ ጫፍ ተነቀለ፤ የአየር ላይ ገመዱም ፈርሶ ተሸጠ። ከምጽዋ እስከ አቆርዳት ያለው መስመር ግን መሥራቱን ቀጠለ። በ1952 ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሃድ ባቡሩም ከእሷ ጋር መጣ። ፌዴሬሽኑ በ1962 ከፈረሰ በኋላም መስመሩ በኢትዮጵያ መንግሥት እጅ ቆየ።

ጣልያናውያኑ ቀስ በቀስ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የባቡር ነጂው፣ ከሰል ጨማሪው፣ የጣቢያ ኃላፊው፣ የቶርኖ ሠራተኛውና የብረት አቅላጩ ቦታ በኤርትራውያን ተያዘ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከጀርመኑ ክሩፕ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ቢገዙም የማሌዎቹ ሥራ አልቀረም። በ1960ዎቹ መስመሩ በዓመት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መንገደኞችን ያመላልስ ነበር። ያን ጊዜ አስመራ የኖረ ብዙ ኢትዮጵያዊ፣ መምህሩም ወታደሩም ነጋዴውም፣ በሊቶሪና ወደ ምጽዋ ወርዶ ባሕር ማየትን ያስታውሳል።

የተራራ ላይ ሥራው ምን ይጠይቅ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ሎኮሞቲቭ ጠዋት እንዲነሳ እሳቱ ከብዙ ሰዓታት በፊት ይቀጣጠላል። ቦይለሩ በችኮላ ከሞቀ ብረቱ እኩል አይለጠጥም፤ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል። በጉዞ ላይ የሠራተኞቹ ዓይን የውሃውን መጠን ከሚያሳየው የመስታወት ቱቦ አይነሳም። የምድጃው ጣሪያ ዘወትር በውሃ መሸፈን አለበት። አቀበትና ቁልቁለት ሲለዋወጥ ውሃው በቦይለሩ ውስጥ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላልና በሜዳ ላይ የሚበቃው መጠን በተራራ ላይ ላይበቃ ይችላል። ጣሪያው ራቁቱን ከቀረ ብረቱ በእሳቱ ይለዝባል፤ ከዚያ የሚመጣው ፍንዳታ ነው። ወደ ምጽዋ ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ በየፉርጎው ላይ ፍሬን ያዦች ይቀመጣሉ። ነጂው በፊሽካ ምልክት ሲሰጥ እያንዳንዱ የእጅ ፍሬኑን ያጠብቃል ወይም ያላላል። የአንድ ባቡር ደህንነት የብዙ ሰዎች መናበብ ነበር።

ሐዲዱ ምሽግ ሲሆን

የመኪና መንገዱ እየተሻሻለ ሲሄድ የጭነት መኪና የባቡሩን ገበያ ወሰደበት። ሞቱን ያፋጠነው ግን ጦርነቱ ነው። የኤርትራ ነጻነት ታጋዮች ትግል በ1970ዎቹ መጀመሪያ እየበረታ ሲሄድ ድልድዩና ዋሻው የደፈጣ ቦታ ሆነ። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ባቡሩ ቆመ። በ1977 ከረን በታጋዮቹ ሕዝባዊ ግንባር እጅ ወደቀች፤ አስመራ ተከበበች።

ከዚያ በኋላ የሆነው የዚያ ጦርነት ጭካኔ ሌላ ገጽታ ነው። ሐዲዱ ከመሬት እየተነቀለ ለምሽግ ጣሪያ ማገር ሆነ። ሐዲዱ የሚያርፍበት የብረት አግዳሚም ለምሽግ ግድግዳ ዋለ። ይህን ያደረገው አንድ ወገን ብቻ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ሠራዊትም ታጋዮቹም በዚያው ብረት ሥር ተጠልለው ተታኮሱ። ከሁለቱም ወገን ስንት ወጣት በዚያ ሐዲድ ሥር እንደወደቀ ማሰብ ልብ ይሰብራል። ሎኮሞቲቮቹ በአስመራና በምጽዋ ግቢዎች ውስጥ ለዓመታት ዝገው ቆሙ። አንድ ነገር ግን ተረፈ፤ የአስመራው የባቡር ጋራዥ ከነአሮጌ የጣልያን ማሽኖቹ አልፈረሰም፤ ሠራተኞቹም ብዙዎቹ በሕይወት ነበሩ።

ሽማግሌዎቹ ሲጠሩ

ጦርነቱ በግንቦት 1991 አበቃ፤ በ1993 ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች። አዲሱ መንግሥት ባቡሩን ለማስነሳት ሲያስብ የውጭ ኩባንያዎች የሚጠይቁት ዋጋ ከአገሪቱ አቅም በላይ ሆነ። ስለዚህ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሥራውን በራስ አቅም ለመሥራት ተወሰነ፤ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞችም ተጠሩ። ከተጠሩት መካከል ሰባ ዓመት ያለፋቸው ነበሩ፤ ሰማንያን የተሻገሩም አልጠፉም። መጡ።

መጀመሪያ ብረቱን መሰብሰብ ያስፈልግ ነበር። ሐዲዱ ከየምሽጉ ተቆፍሮ ወጣ። የተጣመመው ተቃና፤ የማይድነው ተለይቶ ተጣለ። አግዳሚዎቹ ተለቅመው ተደረደሩ፤ ማሰሪያውና ቡሎኑ በአስመራው ጋራዥ ተሠራ። የጉልበት ሥራውን በብዛት የሠሩት የብሔራዊ አገልግሎት ወጣቶች ናቸው፤ ሐዲድ እንዴት እንደሚነጠፍና በኩርባ ላይ የውጪው ሐዲድ ለምን ከፍ እንደሚል የሚያሳዩአቸው ሽማግሌዎቹ ነበሩ። ሥራው ከምጽዋ ወደ ላይ ተጀመረ። ሐዲዱ ወደፊት በሄደ ቁጥር የተጠገነው ሎኮሞቲቭ ራሱ ለቀጣዩ ክፍል የሚሆነውን ብረትና ጠጠር ይጎትት ነበር።

በጋራዡ ውስጥ የነበረው ሥራ ከዚህም የረቀቀ ነው። ለ1915ም ሆነ ለ1938 ሎኮሞቲቭ መለዋወጫ የሚሸጥ መደብር የለም። የ950 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ራሱ በጥቂት አገሮች ብቻ ያለ መለኪያ ነው፤ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ከነበረው የአንድ ሜትር መስመር እንኳ ዕቃ መበደር አይቻልም። ስለዚህ የተበላ ኩሽኔታ ሲገኝ ቅርጹ በእንጨት ይወጣል፣ በዚያ አምሳል ብረቱ ቀልጦ ይፈስሳል፣ ከዚያ በቶርኖ ተስተካክሎ በሞረድ እየተሞረደ እስኪገጥም ይሞከራል። ቦይለሩ ተከፍቶ ለዓመታት የተጋገረው የኖራ ቅርፊትና ዝገት ይጠረጋል። እሳቱ የሚያልፍባቸው ቱቦዎች አንድ በአንድ እየወጡ ይፈተሻሉ፤ የሳሱት ይቀየራሉ። እሳት ከመለኮሱ በፊት ቦይለሩ በቀዝቃዛ ውሃ ግፊት ይፈተናል፤ ውሃ የሚያፈስ መጋጠሚያ ልብስ ያርሳል፣ እንፋሎት የሚያፈስ ግን ሰው ይገድላልና።

ከሁለት ዓመት ውጊያ በኋላ በ2000 የቆመው የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ጦርነት ሥራውን ክፉኛ ፈተነው። ያም ሆኖ ሐዲዱ ጊንዳን፣ እምባትካላን፣ ነፋሲትን እያለፈ ወጣ። በ2003 ከምጽዋ እስከ አስመራ ያለው መስመር ዳግመኛ ተገጠመ። በዓለም ላይ አሮጌ ባቡር ከፍርስራሽ ካስነሱ ሥራዎች ሁሉ በድፍረቱም በትዕግሥቱም የሚስተካከለው ጥቂት ነው።

ከ2003 ወዲህ

ጭነቱ ወደ ባቡሩ አልተመለሰም፤ የጭነት መኪናው ቦታውን ይዞ ቀረ። ባቡሩ ለሽርሽርና ለቱሪስት የሚነሳ የቅርስ ባቡር ሆነ። ከአውሮፓ የሚመጡ የእንፋሎት ባቡር ወዳጆች ተከራይተውት በአርባሮባና በነፋሲት ገደል ላይ ማሌዎቹ ሲያቃስቱ ለማየት ይጓጉ ነበር። በ2017 የአስመራ ከተማ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ የባቡሩ ዝናም አብሮ ተነሳ።

ባዕድ የሠራውን ሎኮሞቲቭ ተንከባክባ የነዳች አገር ኤርትራ ብቻ አይደለችም። በሕንድ የዳርጂሊንግ ተራራ ባቡር ብሪታንያ ውስጥ በተነደፉ፣ ሞዴላቸው ከ1889 ጀምሮ የነበረ ትንንሽ ሎኮሞቲቮች ሠርቷል፤ በቲንዳሪያ ጋራዥ ያሉ ሕንዳውያን ሠራተኞች ትውልድ ተሻግረው ሲጠግኗቸው ኖረዋል። በ1999 የዓለም ቅርስ ሆኗል። በዌልስ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። ለደቡብ አፍሪካ የተሠሩት ጋራት የተባሉት ግዙፍ ጠባብ ሐዲድ ሎኮሞቲቮች አገልግሎታቸው ሲያበቃ ወደ ብሪታንያ ተወስደው ታደሱ፤ በ2011 ሙሉ በሙሉ በተከፈተው የዌልስ ሃይላንድ መስመር ላይ ይሠራሉ። በዌልስ ሥራውን በበጎ ፈቃድ የሚያግዙ ብዙ ሰዎች ስላሉ ወጣቱ ከአዛውንቱ ጎን ቆሞ ቦይለር ማጠብና እሳት መያዝ ይማራል። ኤርትራ ውስጥ ያለው ጥንካሬም ስጋቱም እዚህ ላይ ነው፤ የሙያው ምንጭ የነበሩት ሰዎች ከሥራው ጋር ያደጉ የመጨረሻዎቹ ሰዎች ነበሩ።

ሎኮሞቲቭ በሙዚየም ቀለም ተቀብቶ ቢቆም ብረቱ ይቆያል። ሙያው ግን የሚቆየው ሎኮሞቲቩ ሲነዳ፣ ሲበላሽ፣ ሲጠገን ብቻ ነው። የቦይለሩን ድምፅ መለየት፣ የፊሽካ ምልክት መስማት፣ ኩሽኔታ በሞረድ ማስገጠም በፎቶግራፍ አይተላለፍም። የአስመራ ሽማግሌዎች ያረጋገጡት እውነት ይህ ነው፤ ጄኖቫ የሠራው ሎኮሞቲቭ የአስመራ የሆነው ባለቤትነቱ በሰነድ በተላለፈበት ቀን አይደለም፤ ያለ ፋብሪካው እርዳታ ፈትተው እንደገና ባስነሱበት ቀን ነው።

ይህ ነገር እኛንም በቅርብ ይነካናል። ድሬዳዋ ያለው የቀድሞው የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር ጋራዥ ፈረንሳዮች ያቋቋሙት፣ ኢትዮጵያውያን ግን በላባቸው ያቆዩት የሙያ ቤት ነው። በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር አሮጌውን መስመር ተክቶታል፤ የአሮጌው መስመር ሠራተኞች ዕውቀት ግን ተተኪ የለውም። አስመራ ሽማግሌዎቿን ስትጠራ በሕይወት አግኝታቸዋለች። ድሬዳዋ፣ አዋሽና አዲስ አበባ ያሉ ጡረተኛ ባቡረኞች ዛሬ አጠገባቸው ቆሞ የሚማር ወጣት ይፈልጋሉ። የሙያ ትምህርት ቤቶቻችንና የምድር ባቡር መሥሪያ ቤቱ ይህን ሥራ አሁን ቢጀምሩ፣ የሚተላለፈው ስለ ባቡር የተጻፈ ታሪክ ብቻ አይሆንም፤ ባቡር የሚያስነሳ እጅ ይሆናል።